አዲሱ ቺፕ በአሮጌው ሶኬት፦ ዘመናዊ ኦፕ-አምፖች በቤት ሠራሽ የድምፅ መሣሪያ ውስጥ

በገዛ እጁ ፕሪአምፕ (ከዋናው ማጉያ በፊት የሚመጣ መሣሪያ) ወይም የሄድፎን አምፕሊፋየር የሠራ ሰው ይህን ፈተና ያውቀዋል። ክዳኑን ይከፍታል፤ መሀል ላይ በሶኬት የተሰካ ባለ ስምንት እግር ቺፕ ያያል። ላዩ ላይ ኤንኢ5532 ተብሎ ተጽፏል፤ ኦፕ-አምፕ ነው፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ሲግናል የሚያጎላ ቺፕ። ንድፉ ከአርባ ዓመት በላይ የቆየ ነው። ገበያው ላይ ደግሞ በዳታሺት (በአምራቹ መግለጫ ወረቀት) ሲታዩ በሁሉም ነገር የሚበልጡት የሚመስሉ አዳዲስ ቺፖች አሉ፤ የእግሮቻቸው አቀማመጥም ያው ነው። ታዲያ አሮጌውን ነቅሎ አዲሱን መሰካት ምን ይከብዳል? መሰካቱስ አይከብድም። ጣጣው የሚመጣው ከተሰካ በኋላ ነው።

አስቀድመን ግን ለአዲሶቹ የሚገባቸውን እንስጣቸው። ኦፕ-አምፕ በድምፅ ሰዎች ዘንድ ክፉ ስም ያተረፈው በከንቱ አልነበረም። ፌርቻይልድ እ.ኤ.አ. በ1968 ያወጣው 741 ለአያያዝ የማያስቸግር፣ በቀላሉ የማይቃጠል፣ በየቤተ ሙከራው የገባ ቺፕ ነበር። ነገር ግን ውፅዓቱ በአንድ ማይክሮሴኮንድ ውስጥ መውጣትም ሆነ መውረድ የሚችለው ግማሽ ቮልት ብቻ ነው። ጫፉ 10 ቮልት የሚደርስ ሲግናል ከ8 ኪሎኸርትዝ በላይ ሲሆንበት መከተል ያቅተዋል፤ ጤነኛ የወጣት ጆሮ ደግሞ እስከ 20 ኪሎኸርትዝ ይሰማል። በ1970ዎቹ የመጡት ቲኤል072 እና ኤንኢ5532 ይህን ታሪክ ዘጉት። የመጀመሪያው በማይክሮሴኮንድ 13 ቮልት፣ ሁለተኛው 9 ቮልት ይራመዳሉ። ለዚያው 10 ቮልት በ20 ኪሎኸርትዝ የሚያስፈልገው 1.3 ቮልት ገደማ ነው። ዛሬም አንዳንዱ ሻጭ የስሉ ሬት ቁጥሩን (ይህን በማይክሮሴኮንድ የሚለካውን ፍጥነት) በትልልቅ ፊደል ሲያስተዋውቅ ሳይ ፈገግ እላለሁ፤ ጉዳዩ ከተዘጋ ቆይቷል።

አዲሱ ትውልድ ያሸነፈው በሌላ በኩል ነው። ናሽናል ሴሚኮንዳክተር ያወጣው ኤልኤም4562 መዛባቱ (በሲግናሉ ላይ የሚጨምረው ስህተት) 0.00003 በመቶ ተብሎ ተመዘገበ። የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ኦፒኤ1612 ደግሞ 0.000015 በመቶ ደረሰ። እነዚህ ቁጥሮች ከየት እንደመጡ ለማወቅ ወደ ፊድባክ፣ ማለትም ውፅዓቱን ወደ መግቢያው መልሶ ስህተቱን ማረሚያ ወደማድረግ፣ መመለስ ያስፈልጋል፤ የቤል ላብራቶሪው ሃሮልድ ብላክ እ.ኤ.አ. በ1927 ወዳፈለቀው ሐሳብ። ኦፕ-አምፕ በውስጡ እጅግ ብዙ ጌይን (የማጉላት አቅም) አለው። እኛ የምንፈልገውን ያህል ወስደን የቀረውን ስህተቱን እንዲያርምበት እንተውለታለን። ይህ ትርፍ ግን ፍሪኩዌንሲው በጨመረ ቁጥር እያለቀ ይሄዳል። የኤንኢ5532 የጌይንና የባንድዊድዝ ብዜት (ጌይኑ በፍሪኩዌንሲው ሲባዛ የሚገኘው ቁጥር) 10 ሜጋኸርትዝ ስለሆነ በ20 ኪሎኸርትዝ ላይ በእጁ ያለው ጌይን 500 ብቻ ነው። አሥር እጥፍ እንዲያጎላ ካዘዝነው ለእርማት የሚቀረው 50 ነው። ኤልኤም4562 ብዜቱ 55 ሜጋኸርትዝ ስለሆነ በዚያው ሁኔታ 275 ይቀረዋል። ልዩነቱ የወረቀት ብቻ አይደለም፤ የላይኛው ድምፅ መዛባት በእርግጥ ይቀንሳል። ጥያቄው ከዚያ በፊትም ቢሆን መዛባቱ ይሰማ ነበር ወይ የሚለው ነው፤ በደንብ በተሠራ የኤንኢ5532 ሰርኪዩት ውስጥ አይሰማም ብዬ በድፍረት እናገራለሁ።

እንግዲህ ወደ ኖይዝ፣ መሣሪያው ራሱ ወደሚፈጥረው ሽሽታ፣ እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና።

ሬዚስተር ሁሉ፣ ከረንት ባያልፍበትም፣ ሙቀት ስላለው ብቻ ሽሽ ይላል። የኖይዝ ቁጥር የሚሰጠው በናኖቮልት በስኩዌር ሩት ኸርትዝ ነው፤ ከዚህ በኋላ ግን ለአጭርነት ናኖቮልት ብቻ እላለሁ። በክፍል ሙቀት 1 ኪሎኦም 4 ናኖቮልት፣ 10 ኪሎኦም ወደ 13 ናኖቮልት ያወጣል። ኦፕ-አምፑም የራሱን ይጨምራል፤ የኤንኢ5532 ቁጥር 5 ናኖቮልት፣ የኦፒኤ1612 ደግሞ 1.1 ናኖቮልት ነው። ይህን ያየ ሰው አዲሱ አምስት እጥፍ ያህል ጸጥ ይላል ብሎ ይደመድማል። ነገር ግን ኖይዞች እንደ ተራ ቁጥር አይደመሩም። እያንዳንዳቸው በራሳቸው ተባዝተው ይደመሩና የድምሩ ስኩዌር ሩት ይወሰዳል። ስለዚህ ትልቁ ትንሹን ይውጠዋል። ሌላም ጉዳይ አለ፦ ኦፕ-አምፕ የቮልቴጅ ኖይዝ ብቻ ሳይሆን የከረንት ኖይዝም አለው። ያ ከረንት በመግቢያው ላይ ባገኘው ኦም ሁሉ ተባዝቶ ቮልቴጅ ይሆናል። የኤንኢ5532 የከረንት ኖይዝ 0.7 ፒኮአምፒር ሲሆን የኦፒኤ1612 1.7 ነው። አዲሱ በዚህ በኩል የባሰ ነው ማለት ነው፤ መግቢያው ላይ ያሉት ትራንዚስተሮች ቮልቴጃቸው ጸጥ እንዲል ብዙ ከረንት እንዲሠሩበት ስለተደረገ።

አንድ ተራ ፕሪአምፕ እንውሰድ። የቮሊዩሙ ፖቴንሺዮሜትር 10 ኪሎኦም ነው፤ ኤሌክትሪካዊ መሀሉ ላይ ሲቆም ከበስተኋላው የሚታየው (ሁለት 5 ኪሎኦሞች በትይዩ) 2.5 ኪሎኦም ይሆናል። ይህ ብቻውን 6.4 ናኖቮልት ያወጣል። ኦፒኤ1612 ሲሰካ የራሱ 1.1 ናኖቮልት እና ከከረንቱ የሚመጣው 4.3 ናኖቮልት ተጨምሮ ድምሩ 7.8 ናኖቮልት ይደርሳል። በኤንኢ5532 ያው ስሌት 8.3 ይሰጣል። ልዩነቱ 0.6 ዴሲቤል ገደማ ነው። አምስት እጥፍ ተብሎ የተጠበቀው በጆሮ የማይለይ ነገር ሆኖ ቀረ፤ ቺፑ ስለዋሸ ግን አይደለም፣ ከፊቱ ያለው ፖቴንሺዮሜትር ስለጮኸበት ነው። ጸጥታ የፈለገ ሰው መጀመሪያ የሚቀንሰው ሬዚስተሮቹን ነው። በፊድባኩ ውስጥ ያሉትን ከ10 ኪሎኦም ወደ 1 ወይም 2 ኪሎኦም ሲያወርድ፣ ያን ጊዜ የአዲሱ ቺፕ ጸጥታ ቦታ ያገኛል። ያኔ ደግሞ ቺፑ ያንን ዝቅተኛ ኦም የመንዳት አቅም ሊኖረው ይገባል፤ እዚህ ላይ ኤንኢ5532 ራሱ 600 ኦም የሚነዳ ጠንካራ ሽማግሌ መሆኑን መርሳት አይገባም።

ሸክላ ማጫወቻ ጋ ስንደርስ ነገሩ ጭራሽ ይገለበጣል። ተንቀሳቃሽ ማግኔት ያለው የመርፌ ካርትሬጅ በውስጡ ረጅም የጥቅል ሽቦ አለ፤ ኢንዳክታንሱ (ፍሪኩዌንሲው በጨመረ ቁጥር ከረንትን ይበልጥ የመቋቋም ባሕርዩ) ግማሽ ሄንሪ ገደማ ሊደርስ ይችላል። በ10 ኪሎኸርትዝ ላይ ይህ ጥቅል ብቻውን 31 ኪሎኦም ያህል ይሆናል፤ ከተለመደው የ47 ኪሎኦም ሎድ ጋር በትይዩ ሲታይ 26 ኪሎኦም ገደማ። የ47 ኪሎኦሙ ሬዚስተር በራሱ በዚህ ላይ 15 ናኖቮልት ያህል ያሳርፋል፤ እሱን ማንም አያመልጠውም። ኦፒኤ1612 የ1.7 ፒኮአምፒር ከረንቱን በ26 ኪሎኦም ሲያባዛ 44 ናኖቮልት ያወጣና ድምሩ 47 ገደማ ይሆናል። አሮጌው ኤንኢ5532 በ24 ናኖቮልት ያልፋል። የጄፌት መግቢያ (ከረንት የማይጠባ ያህል የሆነ የትራንዚስተር ዓይነት) ያለው ኦፒኤ1642፣ የቮልቴጅ ኖይዙ 5.1 ሆኖ ሳለ፣ የከረንት ኖይዙ እዚህ ግባ የማይባል ስለሆነ 16 ላይ ይቆማል። በዳታሺቱ የፊት ገጽ ላይ እጅግ ጸጥተኛ የተባለው ቺፕ በዚህ ሥራ ላይ ከሦስቱ የመጨረሻው ሆነ። ተንቀሳቃሽ ጥቅል ያለው ካርትሬጅ ግን ጥቂት ኦም ብቻ ስለሆነ ሒሳቡ ተመልሶ ለኦፒኤ1612 ዓይነቱ ያደላል። ለሸክላ የትኛው ኦፕ-አምፕ ይሻላል ብሎ የሚጠይቅ ሰው ካርትሬጁን ካልነገረን መልስ የለውም።

የፍጥነት መዘዝ ደግሞ አለ። የ55 ሜጋኸርትዝ ቺፕ ሠሪው ሳያስበው በሬዲዮ ዓለም ውስጥ ገብቷል። ፊድባኩ በሁለት 10 ኪሎኦም ሬዚስተሮች ተሠርቶ ከሆነ፣ ፊድባኩ በሚመለስበት በተገላቢጦሽ መግቢያው እግር ላይ የሚኖረው ቢበዛ ጥቂት ፒኮፋራድ ካፓሲታንስ፣ 5 እንበል፣ ከ6 ሜጋኸርትዝ ጀምሮ ፊድባኩን ያዘገየዋል። ቀርፋፋው ቺፕ እዚያ ሲደርስ ጌይኑን ጨርሶ ስለነበር ብዙም አይነካውም። ፈጣኑ ግን ገና ጌይን ተርፎታል። ያ የዘገየ እርማት በተሳሳተ ሰዓት ይደርስና ማረሙ ቀርቶ ማባባስ ይሆናል፤ ቺፑ በራሱ መጮህ ይጀምራል። የሚጮኸው በሜጋኸርትዝ ስለሆነ ጆሮ አይሰማውም። የሚሰማው ውጤቱ ነው፦ የደበዘዘ ወይም በተቃራኒው የሾለ ድምፅ፣ ያለ ምክንያት የሚሞቅ ቺፕ፣ እጅ ሲጠጋ የሚለወጥ ሽሽታ። አዲሱ ቺፕ ድምፁን ከፈተው፣ አየር ሰጠው የሚሉ ምስክርነቶችን ሳነብ የመጀመሪያ ጥያቄዬ በኦሲሎስኮፕ (ሞገዱን በስክሪን በሚያሳየው መሣሪያ) ታይቷል ወይ የሚል ነው። የኦሲሎስኮፑ ባንድዊድዝ ቢያንስ 100 ሜጋኸርትዝ ቢሆን ይመረጣል፤ በ20 ሜጋኸርትዙ ብዙ ጉድ ተደብቆ ያልፋል።

መድኃኒቱ ውድ አይደለም። ሬዚስተሮቹን ዝቅ ማድረግ፤ በፊድባኩ ሬዚስተር ላይ ጥቂት ፒኮፋራድ ካፓሲተር በትይዩ ማስቀመጥ፤ የ100 ናኖፋራድ ሴራሚክ ካፓሲተር ከፓወር እግሮቹ በሚሊሜትሮች ርቀት ላይ መበየድ። አንድ ሳንቲሜትር የሽቦ መንገድ ለኤንኢ5532 ይቅርታ ያለው ጥፋት ነው፤ ለኤልኤም4562 ላይሆን ይችላል። በውፅዓቱ ላይ ደግሞ ከ47 እስከ 100 ኦም ያለው ሬዚስተር በተከታታይ ይገባል፤ ረጅም ሺልድ ኬብል ራሱ ካፓሲተር ነውና ፈጣን ኦፕ-አምፕ በቀጥታ ሲያገኘው ይደናገጣል። ይህ ሬዚስተር ከፊድባኩ መነሻ በኋላ እንጂ በፊት እንዳይሆን መጠንቀቅ ያሻል። ሬዚስተሩ በፊድባኩ ውስጥ ከገባ ጥበቃው ይጠፋል።

ስለ ፓወር መስመሮቹ ብዙ የማይነገር ነገር ልጨምር። የኦፕ-አምፑ ውፅዓት ከረንት ሲያወጣ፣ የሞገዱ ላይኛው ግማሽ ከፖዘቲቩ መስመር፣ ታችኛው ግማሽ ከኔጌቲቩ ይመጣል። ስለዚህ በእያንዳንዱ መስመር ላይ የሚሄደው ከረንት የሙዚቃው ሞገድ ሳይሆን ግማሹ የተቆረጠ፣ በሃርሞኒክ (በፍሪኩዌንሲው ብዜቶች) የተሞላ ነገር ነው። የፓወር መስመሩ በመግቢያው ጎን ካለፈ፣ ወይም የካፓሲተሮቹ ግራውንድ ከሲግናሉ ግራውንድ ጋር በአንድ ቀጭን መንገድ ከተመለሰ፣ ያ የተቆረጠ ከረንት ወደ ሲግናሉ ይሾልካል። ቺፑ ራሱ 0.00003 በመቶ ብቻ ቢያዛባ፣ ሰሌዳው 0.003 በመቶ ሊጨምርበት ይችላል። ሁለቱን መስመሮች ጎን ለጎን አቀራርቦ ማስኬድ አንድ ሳንቲም አይጠይቅም፤ ከቺፕ መቀየር ግን ብዙ ጊዜ የበለጠ ያተርፋል። የካፓሲተር ዓይነትም እንዲሁ። ኤክስ7አር የሚባለው ሴራሚክ የካፓሲታንሱ መጠን በላዩ ባረፈው ቮልቴጅ ስለሚለዋወጥ፣ በፊልተር ውስጥ ሲገባ የትኛውም ዘመናዊ ኦፕ-አምፕ የማያድነው መዛባት ይፈጥራል። እዚያ ቦታ ሲ0ጂ የተባለው የሴራሚክ ዓይነት ወይም የፖሊፕሮፒሊን ካፓሲተር ይግባ፤ ኤክስ7አሩ ፓወሩን ያጽዳ።

ቺፕ ሲለዋወጥ የሚመጣ ሌላ ወጥመድ የመግቢያ ከረንት ነው። ቲኤል072 ጄፌት ስለሆነ ከመግቢያው የሚጠባው በፒኮአምፒር የሚቆጠር ነው፤ ለእሱ የተነደፈ ሰርኪዩት ያለ ሥጋት 1 ሜጋኦም ከመግቢያው ወደ ግራውንድ ያስራል። እዚያው ላይ ኤንኢ5532 ሲሰካ 200 ናኖአምፒር ይጠባል፤ በ1 ሜጋኦም ሲባዛ 0.2 ቮልት ዲሲ (ቋሚ ቮልቴጅ)። የቮሊዩሙ ቁልፍ ሲዞር መንጫጨት ይጀምራል፣ ማብሪያው ሲነካ ድምፅ ማጉያው ዱብ ይላል፣ ሰውየውም ቺፑን ይረግማል። ሁለቱም ጥሩ ቺፖች ናቸው፤ ሰርኪዩቱ የተጻፈው ለአንዱ ነበር። የቮልቴጅ ጣሪያም አለ። በ5 ቮልት ብቻ የሚሠሩ ብዙ ዘመናዊ ሲሞስ (እንደ ጄፌት መግቢያቸው ከረንት የማይጠባ ያህል የሆነ) ኦፕ-አምፖች ስላሉ ፕላስና ማይነስ 15 ባለበት ሶኬት ውስጥ ከመክተት በፊት የዳታሺቱን አንድ መስመር ማንበብ ከጭስ ያድናል።

ታዲያ ብዙ ሰዎች ልዩነት ሰማን የሚሉት ሁሉ ቅዠት ነው? እንዲህ ማለት አልወድም። ሌሎች መሣሪያዎች ሲወዳደሩ ዋናው አሳሳች የድምፅ መጠን አለመመጣጠን ነው፤ ትንሽ ከፍ ያለው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል። ኦፕ-አምፕ ሲቀየር ግን ጌይኑን የሚወስኑት ሬዚስተሮቹ ስለሆኑ መጠኑ አይለወጥም፤ ይህ ሰበብ እዚህ አይሠራም። የሚሠራው ጊዜ ነው። ማጥፋት፣ ክዳን መክፈት፣ ቺፕ መንቀል፣ መሰካት፣ እንደገና ማብራት ደቂቃዎችን ይፈጃል፤ የድምፅን ስስ ቀለም የሚያስታውሰው የጆሮ ትውስታ ያን ያህል አይቆይም። ልዩነቱን በእውነት ማወቅ የፈለገ ሁለት አንድ ዓይነት ሰርኪዩቶችን ጎን ለጎን ሠርቶ፣ በማብሪያ እየቀያየረ፣ የትኛው እንደሚጫወት ሳያውቅ ያዳምጥ። ያኔም ልዩነቱ ከተሰማው፣ ብዙውን ጊዜ አንደኛው እየጮኸ ወይም ዲሲ እያፈሰሰ ነው።

የጊዜያችን ትልቁ ለውጥ ግን በድምፁ ላይ ሳይሆን በቺፑ አካል ላይ ነው። ኦፒኤ1612ም ሆነ ኦፒኤ1656 በሶኬት በሚሰካው በዲፕ መልክ አይሠሩም። በዲፕ እግሮች መካከል 2.54 ሚሊሜትር ነበር፤ በሰሌዳው ላይ በቀጥታ በሚበየደው በኤስኦአይሲ 1.27 ሆነ፤ ከዚያ ያነሱት ወደ 0.65ና ከዚያም በታች ይወርዳሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በጥሩ መብራትና በቀጭን የብየዳ እርሳስ በእጅ ይበየዳሉ። ብዙዎች ትንሿን አስማሚ ሰሌዳ ገዝተው ወደ አሮጌው ሶኬት ይመልሱታል፤ እዚህ ጋ ፈጣኑ ቺፕ ከካፓሲተሮቹ በሰሌዳው፣ በእግሮቹና በሶኬቱ ቁመት ይርቃል፤ ቀደም ሲል ያልነው ጩኸት በር ይከፈትለታል። አስማሚ የግድ ከሆነ የ100 ናኖፋራዱ ካፓሲተር በራሱ በአስማሚው ላይ ይበየድ።

አስመሳይ ቺፕም አለ። ርካሽ ኦፕ-አምፕ ላዩ ተፍቆ የውዱ ስም ይታተምበታል፤ ሲሰካ ድምፅ ስለሚሰጥ ማንም አይጠረጥርም። ለዚህ ላብራቶሪ አያስፈልግም። ሲግናል በሌለበት በፓወር መስመሩ ላይ በመልቲሜትር የሚጠባውን ከረንት መለካት ብዙ ይናገራል፦ ኦፒኤ1612 በአንድ ቻናል 3.6 ሚሊአምፒር፣ ኤንኢ5532 ሁለቱ ቻናሎች ተደምረው 8፣ ቲኤል072 በአንድ ቻናል 1.4 ገደማ። ኦፒኤ1612 የተባለው ሁለቱም ቻናሎቹ ተደምረው 3 ሚሊአምፒር እንኳ ካልሞሉ፣ ስሙ ብቻ ነው የተገዛው። ከዚያ በላይ ማረጋገጥ የሚሻ መግቢያውን በ1 ሜጋኦም ወደ ግራውንድ አስሮ ዲሲውን ይለካ፤ ባይፖላር (እንደ ኤንኢ5532 በመግቢያው ከረንት የሚጠባ) ነኝ ያለው ቺፕ ዜሮ ካሳየ ጄፌት ሊሆን ይችላል።

እኔ አዲሶቹን የምጠቀምበትን ቦታ ልንገራችሁ። ሄድፎን አንዱ ነው። 32 ኦም ላይ አንድ ቮልት አርኤምኤስ (ጫፉ 1.4 ቮልት) ለማውጣት ጫፉ 44 ሚሊአምፒር ያህል ይጠይቃል፤ ኤንኢ5532 ከዚያ በፊት ይታክታል፣ ኦፒኤ1656 ግን እስከ 100 ሚሊአምፒር የሚሰጥ ስለሆነ ተጨማሪ ትራንዚስተር ሳያስፈልገው ይወጣዋል። መግቢያው ሲሞስ ስለሆነም ከፊቱ ቮሊዩም ቢኖር የከረንት ኖይዝ አያሳስብም። ሌላው ዝቅተኛ ኦም ያለው ምንጭ ነው፤ ማይክሮፎንና ተንቀሳቃሽ ጥቅል ካርትሬጅ፤ እዚያ የ1.1 ናኖቮልቱ ጥቅም በእርግጥ ይሰማል። ሦስተኛው ዲጂታሉን ወደ ድምፅ ሞገድ የሚለውጠው መለወጫ ውፅዓት ነው፤ የሚመጣው ሲግናል ፈጣን ጠርዝ ስላለው የጌይንና የባንድዊድዝ ብዜቱ ትልቅ መሆኑ ይጠቅማል። ለቀረው፣ ለቶን ኮንትሮሉ፣ ለሚክሰሩ፣ ለባፈሩ፣ መሳቢያዬ ውስጥ ያለው የኤንኢ5532 ቺፖች ማሸጊያ ቱቦ ገና አላለቀም።